ውሻ የሚገባበት የወይን ጠጅ መቅመሻ ቤት

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ሶኖማ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። እምብርቷ ሰፊ አደባባይ ሲሆን፣ በዙሪያው ባሉት አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የወይን ጠጅ መቅመሻ ቤቶች ተከፍተዋል። የዚህ ዓምድ አንባቢ ግን ወታደርና የወታደር ባለቤት ነውና፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በአደባባዩ ዳር በቆመው ባለ አንድ ፎቅ የጦር ሰፈር ላይ ይመስለናል።

አደባባዩን እ.ኤ.አ. በ1835 የቀየሰውም፣ ሰፈሩን ከጭቃ ጡብ ያሠራውም የሜክሲኮ ሠራዊት መኮንን የነበረው ማሪያኖ ቫዬሆ ነው። መንግሥቱ ደመወዝ መላክ ስለ ተሳነው ጭፍራውን ከራሱ ኪስ እየከፈለ አቆየ፤ አቅሙ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1844 በተነው። ደመወዝ ያልደረሰው ሰፈር ታሪክ ለአንባቢያችን ማብራሪያ አያሻውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 14 ቀን 1846 ማለዳ፣ ሠላሳ ያህል ዐመፀኞች ደጁን ሲያንኳኩ የሚከላከል ዘብ አልነበረም። ቫዬሆ ወደ ቤቱ አስገብቶ መጠጥ አቀረበላቸው፤ እነርሱም ጠጥተው ሲያበቁ ማርከው ወሰዱት። በአደባባዩ የሰቀሉት የድብ ሥዕል ያለበት ሰንደቅ ዓላማ አንድ ወር አልሞላውም፤ ድቡ ግን ዛሬም በካሊፎርኒያ ባንዲራ ላይ ቆሟል።

በከተማዋ ወይን የተከሉት እ.ኤ.አ. በ1823 እዚያ ሚስዮን ያቋቋሙት የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። የዛሬው መቅመሻ ቤት ጠጅ ቤት አይደለም። ለእንግዳው ከየዓይነቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ብቻ ይቀዳለታል፤ ከነጩ ተጀምሮ ወደ ቀዩ ይኬዳል። ያሸታል፣ በአፉ ያንከባልላል፣ ከዚያም በተዘጋጀለት ዕቃ ሊተፋው ይችላል። ይህ ለእኛ ሰው ነውር ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል የተገኘበት ሾፌር በዚያ አገር ሕግ ስለሚከሰስ፣ መሪ የጨበጠው ሰው ባይውጠው ይመረጣል።

ውሻውስ እንዴት ገባ? የካሊፎርኒያ የጤና ሕግ ውሻን ከምግብ ቤት ያግዳል። ሆኖም ከደረቅ ብስኩትና ከመሳሰለው በቀር ምግብ የማይሸጥበትን የወይን መቅመሻ ስፍራ ሕጉ ከምግብ ቤት አይቆጥረውም። ስለዚህ ፈቃዱ የባለቤቱ ነው፤ ብዙዎቹም በራቸውን ከፍተው ለውሻው ውኃ በሳህን ያቀርባሉ። ምግብ የሚያቀርበው ቤትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በደጁ ባለው መቀመጫ ውሻን ማስተናገድ ይችላል፤ ውሻው በገመድ መታሰር፣ በውስጥ በኩል አለማለፍና ወንበር ላይ አለመውጣት አለበት።

ውሻ ያላት እመቤት ግን ከጠረጴዛው ሥር ዓይኗን አታንሣ። የወይን ፍሬና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ አንዳንዱን ውሻ ጥቂት ፍሬ ይበቃዋል። አልኮሉም መርዙ ነው። ልጆች በፍቅር የሚወረውሩለትን ፍሬ በልቶ ከተገኘ፣ ማስታወክ እስኪጀምር ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል።