ከፉል እስከ ፉል፦ ከሹፌር ደብተር ጋር ትውውቅ

መኪና ውስጥ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ ርካሹም የተናቀውም ደብተር ነው። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ስለ ወንበር ልብስ፣ ስለ ቴፕና ስለ መስታወት ስቲከር ሲጨነቅ ይከርማል። "መኪናህ ስንት ትበላለች?" ሲባል ግን መልሱ "ኧረ እሷ ነዳጅ አትበላም" ነው። ነዳጅ የማትበላ መኪና የቆመች ብቻ ናት። የምትሄደዋ ትበላለች፤ ስንት እንደምትበላ የሚያውቀውም የጻፈ ሰው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለተቃጠለው ሊትር ማካፈል። እኛም ጃፓኖችም "በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል" እንላለን፤ አውሮፓውያን ገልብጠው በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ይናገራሉ። በሊትር 14 የሚሄድ መኪና በእነሱ አቆጣጠር 7 ሊትር ገደማ ይፈጃል። የፋብሪካው ቁጥር የሚገኘው መኪናው ሮለር ላይ ቆሞ በሚደረግ ሙከራ ስለሆነ ለቾቄ ተራራ ዳገት ብዙም አይረዳም።

የብዙ አዲስ ሹፌሮች ደብተር የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያው መስመር ነው፤ ብር ብቻ ይጻፍበታልና። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47.83 ብር ነበር፤ በአንድ ሺህ ብር ወደ 21 ሊትር ይቀዳ ነበር ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ዋጋው 101.47 ሲደርስ ያው ሺህ ብር 10 ሊትር እንኳ አልሞላም። ብር ብቻ የመዘገበ ሰው መኪናው እጥፍ መብላት የጀመረች ይመስለዋል፤ ጋራዥ ይሮጣል፤ መካኒኩም ደህና የነበረውን ካንዴላ ይቀይርለታል። ዋጋው ከተማ በከተማም በማጓጓዣው ርቀት ይለያያል። ስለዚህ ሊትሩና ብሩ ለየብቻ ይጻፉ፤ ሊትሩ ስለ መኪናው፣ ብሩ ስለ ገበያው ይናገራል። ከ2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ሆኗልና ቀኑና ብሩ ስልክ ላይ ይቀራል፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ግን ስልኩ አያየውም።

የነዳጅ ጌጁንም አይመኑት። የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ እኩል የማይወርዱባቸው መኪኖች ሞልተዋል። ትክክለኛው መንገድ ከፉል እስከ ፉል ነው። ፓምፑ "ጧ" ብሎ ራሱን እስኪያቆም ያስሞሉ፤ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፤ ይንዱ፤ እንደገና እዚያው ድረስ ያስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር ነው እስከዚህ ድረስ የተቃጠለው። የመጀመሪያው ሙሌት መነሻ ብቻ ስለሆነ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ሰው ደጋግሞ ስለሚስተው ነው።

"ነዳጅ በኮታ በሚታደልበት ጊዜ ፉል ከየት ይመጣል?" ይባላል። ቁርጥራጩን ሁሉ ይጻፉትና ፉል እስኪገኝ ስሌቱን ያቆዩት። እንበል ፉል ሲያደርጉ መቁጠሪያው 148,200 ነበር፤ መሐል ላይ 10 ሊትር ቀዱ፤ በኋላ 148,620 ላይ 20 ሊትር ገብቶ ሞላ። 420 ኪሎ ሜትር ለ30 ሊትር፣ በሊትር 14። መንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ካለ እሱም ይጻፍ፤ ዋጋው የሚያም ሊትር መጻፍ ስለሚያስጠላ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የማደያው ግቢ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ፓምፕ ላይ፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው ይቅዱ። መኪናው ሲያጋድል ፓምፑ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያቆማል፤ የአንድ ሊትር ስህተት ደግሞ በ5 ሊትር ላይ 20 በመቶ ነው፣ በ35 ሊትር ላይ ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ወደ ዳገትና ቁልቁለቱ ልግባ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄድ መንገድ ፊቱን ወደ ቾቄ አዙሮ ነው የሚወጣው። ሲወጡ የተለካ ፍጆታ መኪናውን ሆዳም ያስመስላል፤ ሲወርዱ የተለካው ደግሞ ቅዱስ ያደርገዋል። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ሜዳ ላይ ከሚፈጀው በተጨማሪ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቤንዚን ይጠይቃል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ እንደሚወጣ ያስብና ጫናውንም ይጨምርበት። ስለዚህ እዚህ አገር ደርሶ መልስ ያልሆነ ልኬት አይታመንም።

ቁልቁለቱ ላይ ግን አንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ "ማርሹን ነቅለህ ልቀቀው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ" ይባላል። ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ ማርቆስ በሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ይህንኑ ምክር ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ወጣቱ ተሳፋሪ "ጋሼ፣ ማርሹን ቢነቅሉት እኮ ነዳጅ አይፈጅም" አለ። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል "አሁን ምንም አይፈጅም፤ አንተ እንዳልከው ባደርግ ነው የሚፈጀው" ብሎ ዝም አሰኘው። ደብተሩ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ተሸጉጦ ነበር።

ሹፌሩ ልክ ነው። ቪትዝን በመሰለ ኮምፒውተር ባለው መኪና፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ በጎማው ጉልበት እየዞረ መሆኑን ያውቅና ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ሊጠፋ ሲቃረብ ብቻ መልሶ ይከፍታል። ማርሹ ከተነቀለ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማ የለም፤ እንዳይጠፋ ራሱ ማቃጠል አለበት። ትንሽ ሞተር በዚህ ሁኔታ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይፈጃል። የናፍታ አይሱዙም ቢሆን እግር ሲነሳና ዙሩ ከፍ ሲል ፓምፑ ናፍታውን ይቆርጣል።

እምነቱ ግን ከሜዳ አልተነሳም። በካርቡራተር ዘመን፣ በላዳና በድሮው ቮልስዋገን፣ ማርሽ ገብቶ ሲወረድ የሞተሩ የመሳብ ኃይል በቀጭኑ ቀዳዳ ቤንዚን ይጎትት ነበር፤ ማርሽ የነቀለ ሹፌር እውነትም ጥቂት ጠብታ ያተርፍ ነበር። መኪናው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን ሳይቀየር ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። በዚያ ዘመንም ቢሆን ትርፉ ኪሳራውን አይከፍልም። ማርሽ የተነቀለ መኪና ክብደቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑ ሲግል ኃይሉ ይዳከማል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚለቅማ መሪውም ይከብደዋል፣ የፍሬኑ አጋዥም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይከዳዋል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ይህን ለጠብታ ቤንዚን ብሎ ማድረጉ ያናድደኛል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። የሮብ ገበያ ጧት ብርዳም ነው፤ የቀዘቀዘ ሞተር አብዝቶ ይጠጣል። ቁርስ እስኪበላ ሞተር አስነስቶ "እያሞቅሁት ነው" የሚል ሰው ቆሞ እያቃጠለ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ረጋ ብሎ መንዳት ሞተሩን ፈጥኖ ያሞቀዋል። ረቡዕ፣ በገበያው ቀን፣ ከበግና ከአህያ ጋር እየተጋፉ የሚሄዱበት ኪሎ ሜትር ከሌላው ቀን ጋር አይወዳደርም፤ ከመስመሩ ጎን "ገበያ" ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ቁጥሩ ከ14 ወደ 11 ሲወርድስ? አስቀድመው የጻፉትን መንገድ ይዩ፤ ዳገት ነበር? ጭነት ነበር? ካልነበረ የጎማ አየር ያስለኩ፤ ከዚያ የአየር ፊልትሮ፣ ከዚያ የያዘ ፍሬን። ጋራዥ ሲደርሱም "የሆነ ነገር ሆናለች" ከማለት የሦስት ሙሌት ቁጥር ቢያሳዩ መካኒኩ ግምቱን ይተዋል።

አንድ ሙሌት ሳይጻፍ ካለፈ ቀጣዩን ፉል አዲስ መነሻ ማድረግ ነው፤ በግምት መሙላት ደብተሩን ይገድለዋል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ብር፣ መንገድ፤ አምስት ዓምድ ብቻ ነው። "ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ" ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ጥሩምባ ቢነፋም ቅሬታው የግማሽ ደቂቃ ነውና፣ ፓምፑ አጠገብ እንደቆሙ ይጻፉት።