የጠፋው ዜሮ፦ መረጃ ከፕሮግራም ወደ ተመን ሉህ ሲሸጋገር

አንድ ተማሪ የክፍል ጓደኞቹን ስም፣ መለያ ቁጥርና ስልክ የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ውጤቱን በፋይል አስቀምጦ በኤክሴል ሲከፍተው መለያ ቁጥር 0457 የነበረው 457 ሆኖ፣ በ09 የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን አጥቶ፣ በአማርኛ የተጻፈው ስምም ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተተክቶ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ያዘዘውን በትክክል ጽፏል። ታዲያ መረጃው የት ላይ ተበላሸ?

መልሱ የሚገኘው በፋይሉ ባሕርይ ውስጥ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ሲኤስቪ የተባለው የፋይል ዓይነት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ዓምዶቹን በኮማ፣ ረድፎቹን በአዲስ መስመር ከመለየት በቀር የትኛው ዓምድ ቁጥር፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ኤክሴል ይገምታል። አኃዝ ብቻ ያየበትን ቁጥር ያደርገዋል፤ ከቁጥር ፊት የቆመ ዜሮም በሒሳብ ዋጋ የለውምና ይጥለዋል። ከ15 አኃዝ በላይ ስለማይዝ የ16 አኃዝ ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ ወደ ዜሮ ይለወጣል። መረጃውን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር አያድነውም፤ ጥቅሱ የሚከላከለው በውስጡ ያለ ኮማ እንደ ዓምድ መለያ እንዳይቆጠር ነው።

ይህ ግምት በሳይንስ ላይ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሴፕት2 እና ማርች1 የተባሉት የሰው ጂኖች መጠሪያቸው የወር ስም ስለሚመስል ኤክሴል ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በምርምር መጽሔት ተገለጸ። በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ የምርምር ጽሑፎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ይህ ስሕተት እንዳለበት አሳየ። በመጨረሻ የተለወጡት ጂኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ በ2020 የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ ሴፕቲን2 እና ማርችኤፍ1 የሚሉ አዳዲስ መጠሪያዎችን ይፋ አደረገ። ኤክሴልም በ2023 ይህን ልወጣ ማጥፊያ ምርጫ ጨመረ።

የፊደሉ ችግር ምንጩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው ማለት ነው። ከፋቹ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ከቆጠረ ቃሉ ይበታተናል።

መፍትሔዎቹ እነሆ፦

1. መለያ ቁጥርንና ስልክን በፕሮግራሙ ውስጥ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ መያዝ፤ እንደ ቁጥር ከተነበቡ ዜሮው ገና ወደ ሉሁ ሳይደርስ ይጠፋል።

2. በሲኤስቪ ፈንታ የኤክሴልን የራሱን ፋይል መጻፍ። በፓይተን ኦፕንፓይኤክስኤል የተባለው ቤተ መጻሕፍት ጽሑፍን በጽሑፍነቱ ያስቀምጣል።

3. ሲኤስቪ ግድ ከሆነ፣ ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ በመረጃ ማስገቢያው በኩል አስገብቶ የዓምዱን ዓይነት «ጽሑፍ» ማድረግ።

4. ለአማርኛ ጽሑፍ፣ በፋይሉ መጀመሪያ የዩቲኤፍ-8 መለያ የሆኑትን ሦስት ባይቶች መጨመር።

ጥንቃቄው ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የተበላሸው ሉህ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ዓምዱን «ጽሑፍ» ማድረግ የጠፋውን አይመልስም። አንድ ቀላል መመዘኛ እናስታውስ፦ የማንደምረውና የማናባዛው አኃዝ፣ ቁጥር ቢመስልም፣ ስም ነው፤ እንደ ስም ይጻፍ።