ለትርፍ አንጀት በተከፈተ ሆድ ውስጥ የሚያጋጥሙ ያልተጠበቁ ግኝቶች

በቀኝ የታችኛው ሆድ ላይ የሚሰማ ድንገተኛ ሕመም ሁሉ የትርፍ አንጀት ብግነት አይደለም። ይህም አንዳንድ ጊዜ የሚታወቀው ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ትርፍ አንጀቱ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ የሕመሙ መንስኤ ገና ስላልታወቀ፣ አውጥቶ ሆዱን ወዲያው መዝጋት ለበሽተኛው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ጠቋሚ በሆድ ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ በምትገኝ ሴት ደም ከታየ በቅድሚያ የሚታሰበው ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ነው። ሐሞት የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከተበሳ የጨጓራ ወይም የዱኦዲነም ቁስለት ሊመጣ ይችላል፤ ፈሳሹ በትልቁ አንጀት ቀኝ ጎን ቁልቁል ስለሚወርድ ሕመሙ የትርፍ አንጀት ይመስላል። ከአንጀት የወጣ ቆሻሻ ከታየ በታይፎይድ የተበሳ ኢሊየም ይፈለጋል። በአንጀቱና በፔሪቶኒየም ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ነጫጭ እባጮች ደግሞ የሆድ ቲቢን ያመለክታሉ።

ፈሳሽ ባይኖርም ፍለጋው በቅደም ተከተል መካሄድ አለበት። ሲከም ለእብጠት ይዳሰሳል። ኢሊየም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 1 ሜትር ድረስ ይታያል፤ ከሰው 2 በመቶ ገደማ በሚሆነው ላይ የሚገኘው የሜከል ዳይቨርቲኩለም እዚህ ሊኖር ይችላልና። የሜዘንተሪ ንፍፊቶች፣ በሴቶችም ኦቫሪዎችና የማሕፀን ቱቦዎች ይመረመራሉ። የተከፈተው ቦታ ከጠበበ ማስፋት፣ ካልበቃም በሆዱ መሐል መክፈት ይገባል።

የተገኘው ሁሉ ግን ተቆርጦ አይወጣም። የአንጀት ቲቢ አንጀቱን ካልዘጋ ወይም ካልበሳ፣ ለባዮፕሲ ናሙና ወስዶ በመድኃኒት ማከም ይመረጣል። በሌላ በኩል ተራ ብግነት የመሰለ ትርፍ አንጀት ካርሲኖይድ ዕጢ ሊይዝ ይችላል። ዕጢው ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ከሥሩ ከራቀ ትርፍ አንጀቱን ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ግን የቀኙን ትልቅ አንጀት ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ በዓይን ሊያመልጥ ስለሚችል የወጣው ሁሉ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ከድንገተኛ ግኝቶች አንዱን ይቀንሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ የተገኘውንና የተሠራውን መመዝገብ፣ ለበሽተኛውም በግልጽ መንገር ግዴታ ነው። በቀኝ ሆድ ላይ ያለ ጠባሳ ለቀጣዩ ሐኪም ትርፍ አንጀቱ የወጣ ያስመስላል። ሳይወጣ ከቀረና ይህን በሽተኛው ካላወቀ፣ በሌላ ቀን የሚነሳው እውነተኛ ብግነት ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።