የሰማይ አሥራት

ሥነ ፈለክን የሚያስተምር ሰው ስለ ታላቅ ቴሌስኮፕ በሚጠየቅበት ጊዜ ጥያቄው ሁሉ የመስተዋቱ ስፋት ነው፤ እኔ ግን በደብረ ታቦር ለማስተምራቸው ደቀ መዛሙርት የመስተዋቱን ነገር ወደ ኋላ አቆይቼ፣ ናፍጣው በየት በኩል ይወጣል፣ መንገዱስ የማንን ግጦሽ አቋርጦ ያልፋል ከሚለው መጀመርን ልማድ አድርጌዋለሁ።

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የፀሐይን ስድስት ኆኅት ዘርዝሮ የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክ ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም በእንጦጦ ራስ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸውን ሁለት ቴሌስኮፖች አቁሞ በ2007 ዓ.ም. አስመርቋል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር ናትና፣ የከተማይቱ መብራት ሌሊቱን ስለሚያደበዝዘው፣ የባለሙያዎቹ ዓይን በላሊበላ አካባቢ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሱት ተራሮች ዞረ። ተማሪዎቼ በበኩላቸው፣ የአገር ፍቅር ነውና አልፈርድባቸውም፣ የጉና ተራራ በደጃችን እያለልን ስለ ምን ወደ ላሊበላው ላስታ ይላሉ።

ጉና ከፍታ አልጎደለውም፤ በሰሜን 12ኛው ኬክሮስ ግድም የቆመ ሰውም በዓመት ውስጥ የሰሜኑንና የደቡቡን ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ያያል። ነገር ግን ጉና፣ ጅብራውና ጓሳው የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ለርብና ለጉማራ፣ በእነርሱም በኩል ለጣና የሚያደርስ ተራራ ነውና፣ ለከባድ መኪና የሚቆረጥ መንገድ አፈሩን ከነሣሩ አላቆ ቢያስወስደው፣ እኛ ከሰማይ ለምናገኘው ዕውቀት የፎገራ ገበሬ በደለል ይከፍላል። በሊቦ ከምከም ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች ሲራቆቱ የጣራ ገዳም ወይራና አጋም ቆሞ የቀረው ለደኑ ወሰንና ሥርዓት ስለተበጀለት ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሐንዲስ ሁሉ ፕላኑን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ወደዚያ ወጥቶ አበውን እንዲጠይቅ ብመክር የዋህነት አይመስለኝም።

ከመንገዱ ወደ ናፍጣው ስንመለስ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠናው አትላስት የተባለው ቴሌስኮፕ፣ 50 ሜትር ስፋት ያለው ሰሐን ተሸክሞ በቺሊ አታካማ ከ5,000 ሜትር በላይ እንዲቆም የታሰበ ሲሆን፣ ጎረቤቶቹ የሆኑት መመልከቻዎች የሚያነዱትን ነዳጅ ትቶ በታዳሽ ኃይል እንዲሠራ፣ ግዙፉ አካል ዞሮ በሚገታበትም ጊዜ የሚተርፈው ኃይል ተመልሶ እንዲከማች ገና ከንድፉ ታስቦለታል። ይህን ትምህርት ወስደን ወደ እኛ ደጋ ብናመጣው አንድ የተሰወረ በረከት እናገኛለን፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ፀሐይንም ከዋክብትንም በአንድነት ስለሚሸፍን፣ የፀሐይ ኃይል በሚደክምባቸው ወራት ቴሌስኮፑም ተከድኖ ይቆያል። ስለዚህ የባትሪው መጠን የሚለካው በረጅሙ የበጋ ሌሊት እንጂ በክረምቱ ጨለማ አይደለም፤ በክረምት የሚቀረው ወጪ መስተዋቱን ከእርጥበት መጠበቅና የዘበኞቹ ቤት መብራት ነው።

ከውጭ አገር ጋር ስለሚደረገው የኅብረት ሥራ ውል ደግሞ የምለው አለኝ። በቺሊ ምድር የተተከሉ የውጭ መመልከቻዎች ከምልከታው ጊዜ 10 በመቶውን ለቺሊ ተመራማሪዎች እንዲለቁ ተለምዷል። አሥራት ለሚያወጣ ሕዝብ ይህ ልክ እንግዳ አይሆንበትም፤ እኔ ግን ለተመራማሪው ብቻ ከተሰጠ ጎደሎ ነው እላለሁ፤ ለምን ቢባል ምሁሩ በሌሊት ተመልክቶ ጽሑፉን ይዞ ይወርዳል፣ ተራራውን የሚጠብቀው ግን ባለግጦሹ ነው። ከኃይሉም፣ ከሥራውም እጅ ለእርሱ ሊደርሰው ይገባል።

ተማሪዎቼን የውል ረቂቅ በማጻፍበት ጊዜ፣ በክረምት ከመመልከቻው ጥበቃ የሚተርፈው የኤሌክትሪክ ኃይል ለቀበሌው ጤና ኬላና ወፍጮ ይሰጣል የሚል አንቀጽ እንዲያገቡ አዛቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች፣ ባለገንዘቦቹ ይህ ከሳይንስ ጉዳይ ውጭ ነው ብለው ይሰርዙታል ይሉኛል። እንግዲያውስ ከመስተዋቱ ስፋት ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ ሊሰርዙት በማይችሉበት ስፍራ ጻፉት እላቸዋለሁ።