ሕመሙ ከጥርስ ነው ወይስ ከመንጋጋ?

ወላይታ ላይ ጥሬ ሥጋ በዳጣ የክብር ምግብ ነው፤ በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን ደግሞ ከየማዕዱ አይጠፋም። ጥሬ ሥጋ በደንብ መታኘክ ይፈልጋል። መንጋጋው የታመመ ሰው ሕመሙ የሚብስበትም ሲያኝክ ነው። «የመንጋጋ ጥርሴ ነው፣ ይነቀልልኝ» ብሎ ወደ ጥርስ ክሊኒክ የሚሄደው ብዙ ነው።

ጥርሱ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ ፊት ለፊት፣ በግራም በቀኝም፣ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ አለ። አፍ ሲከፈት መገጣጠሚያው መታጠፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይንሸራተታል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ቀጭን ዲስክም አብሮ ይሄዳል። ዲስኩ ከቦታው ሲሸሽ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴም አፍ እንደ ልብ አልከፈት ይላል። ጭንቀት፣ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨት እንዲሁም ጫት ወይም ማስቲካ ለረጅም ሰዓት ማኘክ ደግሞ የማኘኪያ ጡንቻዎችን ያደክማል። ሕመሙ ወደ ጆሮና ወደ ጭንቅላት ስለሚዛመት ምንጩን ያምታታል።

ጥሩ ባለሙያ ጣቶቹን ከሁለቱም ጆሮ ፊት አድርጎ «ቀስ ብለው ይክፈቱ» ይላል። አገጭ ቀጥ ብሎ ይወርድ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል እንደሆነ ያያል። የጉንጩን ጡንቻ ይጫናል፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ያንኳኳል። በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተትም ይለካል፤ ለአዋቂ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የራስ ሦስት ጣት የሚያስገባ ያህል፣ ደህና ነው።

ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። ከታመመም አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፦ ለጥቂት ሳምንታት የተቀቀለ ጎዳሬና ቦዬን የመሰለ ለስላሳ ምግብ፣ በሞቀ ጨርቅ መተኮስ፣ ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ፣ የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ ጥርስ ለሚያፋጭ ደግሞ በጥርሱ ልክ የተሠራ የሌሊት መከላከያ። ጥርስ መንቀልም ሆነ መሞረድ የመገጣጠሚያ መድኃኒት አይደለም፤ የተነቀለውም አይመለስም።

እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ የፊት ሕመም ደግሞ የነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ለዚህም ይታዘዛል።

ተከፍቶ የቀረ መንጋጋ ግን ቀን አይሰጠውም፤ ጡንቻው እየተኮማተረ ሲሄድ መመለሱ ይከብዳል። ከቁስል በኋላ አፍ አልከፈት ካለም መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ እንደ ወላይታ ሶዶው ኦቶና ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ሕይወት ያድናል።