ያገለገለ ሞተር ብስክሌትና የሞተሩ ሙቀት

በሞተር ውስጥ ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚያስገኘው ኃይል ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉም በሞተሩ አካል በኩል ይወጣል። የመኪና ተሳፋሪ ከዚህ ሙቀት በብረት ግድግዳ ይለያል። የሞተር ብስክሌት ነጂ ግን ሞተሩን ተፈናጥጦ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ በቀጥታ ለጭኑና ለቁርጭምጭሚቱ ይደርሰዋል። ለረጅም ጉዞ የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ደግሞ ሞተሩ ትልቅ፣ ጭነቱም ብዙ ነው። ስለዚህ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚሰማው ሙቀት የሞተሩ ተፈጥሮ ነው ወይስ የብልሽት ምልክት የሚለው ነው።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉት፤ ነፋስ በመካከላቸው ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ሁለቱን ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወደ ነፋሱ አውጥቶ በመሥራት ታውቋል። በሃርሊ ዴቪድሰን ግን ሲሊንደሮቹ ፊትና ኋላ ስለሆኑ የፊተኛው ከኋለኛው ነፋስ ይጋርዳል። በመሆኑም መንገድ ተጨናንቆ በዝግታ ሲኬድ የነጂው ጭን ቢግል ሞተሩ ተበላሽቷል አያሰኝም። ይህን የማይታገሥ ገዢ ሌላ ዓይነት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ጥገና አይለውጠውምና።

ሌሎቹ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ የቀረበው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ፣ በውኃ ይቀዘቅዛሉ። በእነዚህ ላይ ምርመራው ይበዛል። ገዢው ሞተሩ ሳይነሣ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ መድረስ አለበት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ሁለት ነገር ይሰወርበታል፤ አንደኛው ሞተሩ በብርድ አልነሣ ማለቱ፣ ሁለተኛው የራዲያተሩ ውኃ መልክ ነው። የጋለ ራዲያተር ቢከፈት የሚፈላው ውኃ ወጥቶ ፊትን ያቃጥላልና። ውኃው የዝገት መልክ ካለው የማቀዝቀዣው መስመር ሳይጸዳ ቆይቷል። የሞተሩ ዘይት ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ ግን ውኃ ገብቶበታል። ምናልባት የውኃ ፓምፑ ማሸጊያ አርጅቶ ይሆናል፤ ወይም ቴስታታ በሚባለው ክዳንና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ይህ የኋለኛው ሞተሩን ማስፈታት ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሞተር ብስክሌቱ እንደ ቆመ ይሥራ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከተወሰነ ቦታ ሲደርስ ማራገቢያው በራሱ ተነሥቶ መርፌውን ሊያወርደው ይገባል። ማራገቢያው የማይሠራ ሞተር ብስክሌት በአውራ ጎዳና ላይ ነፋስ እያገኘ ደህና ይሄዳል፤ ከተማ ሲገባ ግን ይፈላል። ለሙከራ በሰፊ መንገድ ላይ ብቻ የሚያስነዳ ሻጭ ይህን ጉድለት አያሳይም።

የቦታው ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ውኃ ከዚህ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከአዋሽ ቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሞተር ብስክሌት ከዳገቱ መካከል እንፋሎት እያወጣ ሊቆም ይችላል። ክዳኑን መለወጥ ቀላል ስለሆነ ገዢው ከረጅም ጉዞ በፊት በአዲስ ይተካዋል።