ሣጥኑ ላይ 50 ይላል

ሐምሌ ሲገባ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አየር ይከብዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት የገዛ ሰው ቤዝመንቱን ያኔ በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከአገር ቤት የመጣ ሽሮ ይጓጉላል። ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ላይ ግራጫ ነጥብ ያወጣል። እጣን ቢጨስ ሽታውን ለአንድ ከሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ ነጥቡን አያነሳውም።

መፍትሔው ዲሂውሚዲፋየር የሚሉት እርጥበት መጣጭ ማሽን ነው። መደብር ሲገቡ ግን ሦስት ዓይነት ሣጥን ይጠብቅዎታል፤ አንዱ 20፣ አንዱ 35፣ አንዱ 50 ይላል። እኔ "ቤቴ ትንሽ ናት" ብዬ 20ውን ይዤ ወጣሁ። ማሽኑ ሌት ተቀን እየጮኸ ባልዲውን ይሞላል፣ እኔ እየደፋሁ እመለሳለሁ፣ ግድግዳው ግን እንዳላበው ከረመ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

የሚለካው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአየር የሚለቀመውን ውሃ ነው፣ በአሜሪካ ፓይንት። አንድ ፓይንት ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ 473 ሚሊ ሊትር ነው። 50 ፓይንት እንግዲህ ወደ 24 ሊትር ይጠጋል፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ይበሉት። ይህ ግን መሞከሪያ ክፍል ውስጥ የተገኘ ውጤት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2019 ድረስ ሙከራው የሚካሄደው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ክፍል ነበር፤ እንደዚያ የሚሞቅ ቤዝመንት ደግሞ ብዙ የለም። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሙከራውን ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ አወረደው፤ የአየሩን እርጥበት 60 በመቶ ላይ እንዳለ ተወው። 70 ይባል የነበረው ማሽን 50 ሆነ፣ 50 የነበረው 35፣ 30 የነበረው 20 ገደማ። ሞተሩ ያው፣ ባልዲው ያው። ስለዚህ በ2016 ማሽን የገዛ ወዳጅዎ "የእኔ 70 ነው፣ ከዚያ በታች አትግዛ" ቢልዎ፣ የዛሬውን 50 ማለቱ ነው።

ሙቀት ይህን ያህል ለውጥ ለምን ያመጣል? ማሽኑ የፍሪጅ ዘመድ ነው። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል፤ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ ተኑ ቱቦው ላይ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ እያለ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። የደረቀው አየር በሞቃቱ ቱቦ በኩል አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ክፍሉ በመቀዝቀዝ ፈንታ ትንሽ የሚሞቀውም ለዚህ ነው፤ ኤሲ የገዛ የመሰለው ሰው እዚህ ላይ ቅር ይለዋል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ተን ጥቂት ነው። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ እየወረደ ሲሄድ ደግሞ ቱቦው ላይ በረዶ ይጋገርና ማሽኑ ውሃ መልቀሙን ትቶ በረዶ ሲያቀልጥ ይውላል። በብርዱ ወራት ማሞቂያ ለማይደርሰው ጋራዥ ሌላ ዓይነት አለ፤ ቱቦ በማቀዝቀዝ ፈንታ እርጥበት መጣጭ ማዕድን በተቀባ መንኮራኩር የሚሠራ። እንግሊዝ አገር ይህኛው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። ብዙ ሰው የወለሉን ስፋት ለክቶ ያቆማል፤ ስፋት ግን የመልሱ ግማሽ ነው። የአሜሪካ የቤት ዕቃ አምራቾች ማኅበር ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የመጠን ሠንጠረዥ እርጥበትን በአራት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው አየሩ ሲከብድ ብቻ የሚሸት ቤት ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይሸታል፣ ግድግዳው ወይም ወለሉም የእርጥበት ምልክት ያሳያል። ሦስተኛው ያልበዋል፣ ወይም ውሃ ይሰርገዋል። አራተኛው ልብስ የሚሰጣበት ወይም ወለሉ ረጥቦ የሚኖር ነው። ሁለት እኩል ስፋት ያላቸው ቤቶች አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ትልቁን ማሽን ሊፈልጉ ይችላሉ።

እኔ እንደማመዛዝነው 20ው እስከ 500 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 46 ካሬ ሜትር ገደማ ለሆነና ለስለስ ያለ እርጥበት ላለው ክፍል ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት ሆኖ በዝናብ ጊዜ ብቻ ለሚሸት ቤዝመንት 35 ይበቃል። ያው ቤዝመንት የሚያልበው ከሆነ ግን 50ውን መውሰድ ነው። ከ1,500 ስኩዌር ፊት በላይ ለሆነና ውሃ ለጠገበ ቤት ሁለት ማሽን ማቆም፣ ወይም ከቤቱ የአየር ቱቦ ጋር የሚገጠመውን ትልቁን ዓይነት ባለሙያ ጠርቶ ማስተከል ይሻላል።

ሠንጠረዡን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ምጣድ አያውቁም። ሽታውና እንፋሎቱ ሳሎን እንዳይገባ ብለን ምጣዱን ቤዝመንት ያወረድን ብዙ ነን። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት አይታችኋል፤ ሠላሳ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ያ ሁሉ ውሃ ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቤዝመንት ውስጥ የሚጋግር ሰው ሠንጠረዡ ከሚሰጠው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይግዛ እላለሁ።

ከመግዛት በፊት ደግሞ መለካት። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ዋጋዋም ከአንድ ምሳ ብዙ አይበልጥም። ሳምንት ያህል ከመስኮት አርቀው ያስቀምጧትና ጠዋትና ማታ ያንብቧት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ቢቻል ከ30 እስከ 50። ከዚያ በላይ ሲቆይ ሻጋታውም በፍራሽ ውስጥ የሚራባው ተባይም ይመቸዋል።

እናቶቻችን "መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ" ሲሉ ልክ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚሸከመውም ተን ትንሽ ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ቤቱ ይደርቃል። ሜሪላንድ ውስጥ በሐምሌ ያው ምክር ቤት ያረጥባል። ውጭው 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 70 በመቶ ከሆነ፣ ያ አየር 24 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነገር ሲነካ ጤዛ ይጥላል። አፈር ውስጥ የተቀበረ ግድግዳ ደግሞ 20 ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የቤዝመንት መስኮት መክፈት በእንስራ ውሃ ማስገባት ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከቤቱ ሥር የሚያፈስ፣ ወይም የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ከግድግዳ የተላቀቀ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይጠገን፤ አለዚያ የትኛውም መጠን አይበቃም።

ሲያመነቱ ትልቁን ይውሰዱ። ይህ ለኤሲ የማይሆን ምክር ነው። ኤሲም እርጥበት መልቀም አለበትና፤ እንዲያውም አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በ1902 ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ኤሲን የነደፈው ሰዎችን ለማቀዝቀዝ ብሎ አልነበረም፤ ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠና እየጠበበ ቀለሞቹ አልገጥም ስላሉ ነው። ከመጠን ያለፈ ኤሲ ታዲያ ቤቱን ፈጥኖ ያቀዘቅዝና ውሃውን ለቅሞ ሳይጨርስ ይጠፋል፤ ብርድም እርጥበትም ይተርፍዎታል። ዲሂውሚዲፋየር ግን የሚጠፋው እርጥበቱን አይቶ ነው፤ ትልቁ ቶሎ ጨርሶ ያርፋል። 50ው ወደ 500 ዋት ይስባል፤ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሹ ማረፍ አጥቶ ሲሠራ ከዋለ የሚቆጥበው ብዙ አይደለም።

ባልዲ መድፋት ያልፈለገ ከጀርባው ጎማ ገጥሞ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ይልቀቀው። ውሃው ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም። ያገለገለ ማሽን በነፃ ካገኙ ደግሞ የሞዴል ቁጥሩን ያጣሩ፤ ግሪ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራቸውና በልዩ ልዩ ስም የተሸጡ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማሽኖች እሳት ያስነሳሉ ተብለው በ2013 ከገበያ ተጠርተዋል።

የእኔ ቤዝመንት አሁን 50 አለው። ቅዳሜ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ መለኪያዋ 68 ላይ ትወጣለች፣ እራት ሳይቀርብ ወደ 50 ትመለሳለች። 20ው ሻንጣዎቹ ያሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ይበቃል።